ለሚነቁ ልጆች የተሠራ ፊልም

ሥራው የመጣው በየካቲት መጨረሻ ነው። የድሬዳዋ የእንቅልፍ ጽሕፈት ቤት አጭር የአኒሜሽን ፊልም ይሠራልኝ አለ። ፊልሙ ለልጆች ነው፤ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል፤ አንድም ቃል አይኖረውም።

የአኒሜሽን ሠሪዋ ኤልዳና የምትሠራው ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ድሮ የባቡር ሠራተኞች ይኖሩበት በነበረ ወፍራም ግድግዳ ባለው ቤት ነው። ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ረድዋን ይባላል፤ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነው። ሥራውን በስልክ ማዘዝ ይችል ነበር፤ ግን ራሱ መጣ። የቀረበለትን ውኃ ሳይነካ ብዙ ተቀመጠ።

«ዘንድሮ ልጆቹም ታች ይወርዳሉ» አላት።

ድሬ ላይ «ታች» የሚባለው ምን እንደሆነ ለማንም አይነገርም፤ ሁሉም ያውቃል። ሚያዝያ ሲያልቅ ፀሐዩ የሰው ልጅ የማይችለው ይሆናል። ያኔ አዋቂው ሁሉ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ከመሬት በታች ወደተሠሩት አዳራሾች ይወርዳል፤ የሚያስተኛውን መርፌ ይወጋል፤ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ይተኛል። ከመውረዱ በፊት ባለው ሳምንት የመጋላ ገበያ በሰው ይሞላል። ሰው ጥፍሩን ይቆረጣል፤ ፍየሎቹን በጭነት መኪና ወደ ደጋ ይልካል፤ የመስኮቱን ስንጥቅ በጭቃ ይመርጋል። ጫት ሻጮቹ የመጨረሻዋን እስር በነፃ ይሰጣሉ። ሲወጣ የሰላምታው ቃል «እንኳን ነቃህ» ነው፤ አንድ ሁለት ቀን ሁሉም ሰው እንደሕፃን ቀስ እያለ ይራመዳል።

ልጆች ግን እስካሁን በጅምላ ወርደው አያውቁም ነበር። በየዓመቱ በባቡር ወደ ደጋ ይወሰዱና ሐሩሩ እስኪያልፍ እዚያ ይከርማሉ። ዘንድሮ የደጋ ከተሞች ሞልተናል አሉ፤ ባቡሩም አይሄድም።

«ቃል የማይኖረው ለምንድን ነው?» አለች ኤልዳና።

«ልጆቹ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪ ነው የሚናገሩት። አንድ ፊልም ለሁሉም እንዲሆን።» ረድዋን ይህን ሲል ዓይኑ ግድግዳው ላይ በተለጠፉት ንድፎች ላይ ነበር። «ዔሊ ቢሆን ጥሩ ነው ብለን ነበር። ዔሊ ይተኛል አይደል?»

«አንተ ዔሊ ካልክ ዔሊ ይሆናል።» በድሬ ወግ ኃላፊውም ሆነ ሽማግሌው አንተ ነው።

ኤልዳና ምዕራፍ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ አለቻት። ሁለቱ ብቻ ናቸው የሚኖሩት። ማታ ራት ላይ ልጅቷ «ታች ጨለማ ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

ኤልዳና ዘጠኝ ጊዜ ወርዳለች። ራሷን ትራሱ ላይ ታሳርፋለች፤ ቀና ትላለች፤ አራት ወር አልፏል። ሕልም የለም። መብራቱ ይጥፋ አይጥፋ አታውቅም።

«አይመስለኝም» አለቻት።

ንድፉን በሁለት ሳምንት ጨረሰች። የዔሊ ግልገል ከእናቱ ጋር ረጅም ደረጃ ይወርዳል፤ ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ ከላይ ፀሐይዋ ትልቅ ሆና ትዞራለች፤ ከዚያ ዝናብ ይመጣና አብረው ይወጣሉ። ያስቸገራት መካከሉ ነው። ከመተኛትና ከመንቃት መካከል ምን ይሳላል? አዳራሹን ለማየት ፎቶ ጠየቀች። ጽሕፈት ቤቱ ፎቶ የለም አለ። በፎቶው ፈንታ ለድምፅ የሚሆን ቅጂ ላኩላት፤ አምና በሰኔ ወር ከአዳራሹ ውስጥ የተቀዳ የሰዎች ትንፋሽ።

ድምፁን የሚሠራላት ጉሌድ ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚተዋወቁ ናቸው። ቅጂውን ብቻውን ሰማውና ጠራት።

«ስሚው እስቲ» አለና ማዳመጫውን ሰጣት።

ትንፋሽ ነው። በመቶ የሚቆጠር ሰው ወደ ውስጥ ይስባል፣ ያስወጣል፤ ሁሉም እኩል ነው፤ አንድ ትልቅ ነገር የሚተነፍስ ይመስላል። ከሥሩ ግን ሌላ ድምፅ አለ፤ ፈስስ የሚል፣ የሚቆም፣ ደግሞ የሚጀምር።

«አንሶላ ነው?» አለች።

«እኔም አንሶላ ነው ብዬ ነበር። እግር ነው። ባዶ እግር ሲሚንቶ ላይ ሲንሸራተት።»

«ጠባቂዎቹ ይሆናሉ።»

«ጠባቂ ጫማ ያደርጋል።» ጉሌድ ማዳመጫውን መልሶ ወሰደ። «ደግሞ ምን ያህል ጠባቂ ቢሆን ነው እንዲህ እኩል የሚረግጠው?»

ኤልዳና ለረድዋን ደወለች። የመሣሪያ ድምፅ ነው አላት፤ ቶሎ ብሎም ስለ ዔሊው ቀለም ጠየቃት። ስልኩን ዘግታ ስትቀመጥ አንድ ነገር ትዝ አላት፤ ጽሕፈት ቤቱ አምና ጥቂት ልጆችን ለሙከራ አውርዶ ነበር። የሠራተኞቹ ልጆችና ሳቢያን ሰፈር ካለው የሕፃናት ማሳደጊያ የተወሰዱ ናቸው ተብሎ በሬዲዮ ተነግሯል። የሠራተኞቹን ልጆች ማግኘት አልቻለችም። ማሳደጊያው ግን በሩ ክፍት ነው፤ የልጆች ፊልም እየሠራች መሆኑን ስትነግራቸው ደስ ብሏቸው አስገቧት።

አምና ከወረዱት አንዷ ሂቦ ናት፤ ስምንት ዓመቷ ነው። ወላጆቿ በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሞተዋል። ግቢው ውስጥ የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠው ኤልዳና ንድፎቹን አንድ በአንድ አሳየቻት። ልጅቷ የተኙት ዔሊዎች ጋ ስትደርስ ወረቀቱን አዙራ ያዘችው።

«ተሳስተሻል» አለች።

«ምኑን?»

«ይሄኮ መጀመሪያ ላይ ነው። በኋላ ይቆማሉ።»

«ማን ነው የሚቆመው?»

«ትልልቆቹ። እኛ ስንነቃ እነሱ ቆመው ነበር። ፊታቸው ወደ ግድግዳው ነው። ዓይናቸው ጭፍን ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። አንዳንዴ ትንሽ ይሄዳሉ፤ ከዛ ይቆማሉ።»

ኤልዳና ወረቀቶቹን ጭኗ ላይ አስቀመጠቻቸው። ዘጠኝ ጊዜ። እሷም ቆማ ነበር ማለት ነው።

«ስታዪ አልፈራሽም?»

«መጀመሪያ።»

«ማንንም አልጠራሽም?»

ሂቦ ጥያቄው አልገባትም። «ማንን ልጥራ?» አለች።

ኤልዳና ከማሳደጊያው በቀጥታ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። ረድዋን ፊቷን ሲያይ በሩን ዘጋ። ያልጠየቀችውን ሁሉ ነገራት። ሰውነት አራት ወር ሙሉ መጋደም አይችልም፤ በመካከሉ ራሱን ያነሣል፤ ይቆማል፤ ይራመዳል፤ መልሶ ይተኛል። ሐኪሞቹ ይህን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ያውቃሉ። ጉዳት የለውም። ሰው ከሚደነግጥ ባይነገረው ይሻላል ተባለ። ልጆችን ግን መርፌው ሙሉ በሙሉ አይዛቸውም፤ ይነቃሉ፣ ጥቂት ይቆያሉ፣ ይተኛሉ፣ ደግሞ ይነቃሉ። መጠኑ ቢጨመር ልባቸው አይችለውም።

«ታዲያ ይንቁ። ምን ችግር አለው?»

«የቆመ ሰው በስሙ መጠራት የለበትም። በሚያውቀው ድምፅ መጠራት የለበትም።»

«ከተጠራስ?»

ረድዋን ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረ። «አምና የእህቴ ልጅ ነቃ። እናቱን አያት፤ ጠራት።»

«ነቃች?»

«ዓይኗን ገለጠች።»

«ከዛስ?»

«እስከዛሬ እንደገለጠች ነው» አላት። «እናቴ ቤት ናት። ስታስቀምጫት ትቀመጣለች። ልጁ አጠገቧ አይሄድም።»

ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማ ነበር። ኤልዳና ፊልሙ ለምን ቃል እንደሌለው ያን ጊዜ ገባት። ቋንቋው ብዙ ስለሆነ አልነበረም። ልጆቹ ድምፅ እንዳያሰሙ የሚያስተምር ፊልም ነው የተጠየቀችው።

«ለምን መጀመሪያውኑ አልነገርከኝም?»

«ብታውቂ ልጅሽን ይዘሽ ትጠፊያለሽ ብዬ ነው።»

«ወዴት?» አለች። ያለፈው ግንቦት ከተማው ውስጥ የቀሩ ሰዎች ሬሳ የተገኘው በየቤታቸው ጥላ ሥር ነው።

አዲሱን ንድፍ ረድዋን እንዳዘዘው ሠራችው። ግልገሉ ይነቃል። እናቱ በሁለት እግሯ ቆማ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ያያታል። እጁን አፉ ላይ ያደርጋል፤ ሳይነካት ተመልሶ ይተኛል። ትእዛዙ ግልጽ ነው፤ አትጥራ፤ አትንካ፤ ተኛ። ጉሌድ ከትንፋሹ በቀር ሁሉንም ድምፅ አወጣ። ሁለቱ ብቻቸውን ሆነው ሲያዩት ጥሩ ፊልም ይመስል ነበር።

ለሙከራ ያሳዩት ሳቢያን በሚገኝ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ነው። ኤልዳና ምዕራፍንም ይዛት ሄደች። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ዔሊዎቹ ደረጃውን ሲወርዱ ሳቁ፤ ፀሐይዋ ስትዞር ጣታቸውን ቀሰሩ። ግልገሉ ሲነቃ ዝም አሉ። የእናቲቱ ጀርባ ሲታይ አንድ ወንድ ልጅ «ሆዮ!» አለ፤ ሌላዋ «ሆያ!» ብላ ተከተለችው። ወዲያው ክፍሉ ሙሉ እየተነሣ ይጮህ ጀመር፤ እያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው እናቱን ይጠራል። ግልገሉ እጁን አፉ ላይ ሲያደርግ ባሰባቸው። መምህሯ ፊልሙን አቁሙት አለች። ከሁሉም በላይ የሚሰማው የምዕራፍ ድምፅ ነበር። «እማ! እማ ዙሪ!» እያለች በሁለት እጇ ስክሪኑን ትደበድብ ነበር፤ እናቷ ግን ከኋላዋ ቆማለች።

ረድዋን ጥግ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

ኤልዳና ያን ሳምንት ምንም አልሳለችም። መጋቢት አልቆ ሚያዝያ ገብቷል፤ የጎረቤት ሰዎች ጭቃ ማቡካት ጀምረዋል። ምዕራፍን ሌሊት ሌሊት እያቀፈቻት ትተኛለች፤ ልጅቷ በእንቅልፍ ልቧ «እማ» ባለች ቁጥር ኤልዳና ብድግ ትላለች። በመጨረሻ ወደ ሂቦ ተመለሰች።

«ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ያልሽው እንዴት ነው?»

«ሥራ ነበረኝ» አለች ሂቦ።

«የምን ሥራ?»

«አንዲት ሴትዮ ነበረች። እጇን ያዝኳት። ጭብጥ አደረገችኝ። ከዛ ዞርን።»

«የት?»

«እዛው፣ ግድግዳ ግድግዳውን። ሲደክማት አልጋዋ ጋ ወስጄ አስተኛኋት። በሚቀጥለው ስነቃ ቆማ እየጠበቀችኝ ነበር።»

«ምንም አልሆነችም?»

«ምን ትሆናለች?» ሂቦ ትከሻዋን ነቀነቀች። «ከወጣን በኋላ ገበያ ላይ አይቻታለሁ። ቲማቲም እየመረጠች ነበር። ፈገግ አልኩላት። አላወቀችኝም።»

ኤልዳና መካከሉን በአንድ ቀን ቀየረችው። ግልገሉ ይነቃል፤ እናቱ ቆማለች። ወደ እሷ ይሄዳል። እጁን እጇ ውስጥ ይከታል፤ የእሷ ጣቶች ቀስ ብለው ይዘጋሉ። አብረው ይራመዳሉ። ዙሪያቸውን ሌሎች ግልገሎች የየእናቶቻቸውን፣ የየአባቶቻቸውን እጅ ይዘው ይዞራሉ፤ እንደ ዘገምተኛ ጭፈራ። ከዚያ ያስተኟቸዋል፤ ብርድ ልብሱን ያለብሷቸዋል። ያም ሁሉ በትንፋሹ ልክ ነው።

«መንካት አልተሞከረም» አለ ረድዋን።

«ሂቦ ሞክራዋለች።»

«አንድ ልጅ ናት። የነካቻትም ባዕድ ሰው ናት። የገዛ ልጇ እጅ ሲሆንስ? ምን እንደሚመጣ ማን ያውቃል?»

«ስትጠራ ምን እንደሚመጣ ግን እናውቃለን። ልጅ ዝም በል ስትለው ዝም አይልም፤ የሚሠራው ነገር ስጠው።»

ሁለተኛውን ሙከራ እዚያው ክፍል አደረጉ። እናቲቱ ቆማ ስትታይ አንድ ሁለቱ ተንጠራሩ። ግልገሉ እጇን ሲይዝ ግን ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጆቹ አንዱ የሌላውን እጅ ፈልጎ ያዘ፤ ማንም እንዲህ አድርጉ አላላቸውም። ፊልሙ አልቆ ስክሪኑ ከጨለመ በኋላም ድምፅ አልነበረም። ሁሉም አንድ ላይ ወደ ውስጥ ይስባሉ፣ ያስወጣሉ። ጉሌድ ወደ ኤልዳና ጠጋ ብሎ «ድምፁን ዘግቼዋለሁ እኮ» አላት በሹክሹክታ። መምህሯ መስኮቱን እስክትከፍት ድረስ እንደዚያው ቆዩ።

ረድዋን ፊርማውን አኖረ። ፊልሙ በየትምህርት ቤቱ፣ በየመስጊዱና በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ በባቡር ጣቢያው ግድግዳ ላይ ታየ። ልጆች መንገድ ላይ ሲጫወቱት ይታዩ ጀመር፤ አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል፣ ሌላው ይመራዋል። ወላጆች ቆንጆ ጨዋታ ነው አሉ። አዋቂው ሕዝብ ስለመቆሙ የተነገረው ነገር የለም፤ ፊልሙን ያየ ሁሉ ያማረ ተረት ነው ብሎ አለፈው። ኤልዳና ለመናገር ሁለት ጊዜ ተነሥታ ሁለቱንም ጊዜ ተወችው። ሰው ቢያውቅ ይቀራል፤ የቀረ ደግሞ ይሞታል።

በሚያዝያ መጨረሻ ወረዱ። ምዕራፍ ደረጃውን ስትወርድ አልፈራችም። አልጋዋ ላይ ወጥታ፣ መርፌውን ተወግታ፣ እናቷን «እሺ፣ ደህና ቁሚ» አለቻት። ኤልዳና ልትመልስላት ስትል ትራሱ ነካት።

ቀና አለች።

አራት ወር አልፏል። መብራቱ ደብዛዛ ነው። በየአልጋው «እንኳን ነቃህ፣ እንኳን ነቃሽ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ከሁለት መደዳ በኋላ ረድዋን ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ እያለቀሰ ይስቃል። «አንድም ሰው አልተጠራም!» ይላል ላገኘው ሁሉ። «ሁሉም ነቅቷል! ኤልዳና፣ አንድም ሰው!»

ኤልዳና ዞር ስትል ምዕራፍ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታያታለች። አድጋለች። ጸጉሯ ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ በጣም በቀጭኑ፣ መስመሩ ሳይዛነፍ ሹሩባ ተሠርቷል።

«እንኳን ነቃሽ የኔ እናት!» ብላ አቀፈቻት። ልጅቷ ታቀፈች፤ መልሳ ግን አላቀፈቻትም። «ይሄን ማን ሠራሽ?»

«አንቺ።»

«እኔ? እኔ ሹሩባ አልችልም እኮ።»

«ትችያለሽ። ቁጭ አድርገሽ ነው የሠራሽኝ። ሲፈታ ደግሞ ትሠሪኛለሽ።»

ኤልዳና ጣቶቿን አየች። ጫፋቸው ላይ ቀጫጭን የጸጉር ምልክት ነበረባቸው። ዙሪያዋን ተመለከተች። ወላጆች ልጆቻቸውን እየጠሩ፣ እየሳሙ፣ እያነሱ ነው። ከልጆቹ ወደ እናቱ የሮጠ አንድም የለም። ሁሉም ቆመው የአዋቂዎቹን ፊት ይመረምራሉ፤ ሰው ብዙ በሚወርድበት ጣቢያ ዘመዱን እንደሚፈልግ ሰው። አንዲት ትንሽ ልጅ የአባቷን እጅ ይዛ ወደ ግድግዳው ትጎትተዋለች፤ እሱ እየሳቀ «በዚህ ነው እንጂ መውጫው» ይላታል። ልጅቷ ሳቁን ስትሰማ እጁን ለቀቀችው።

ደረጃውን በዝግታ ወጡ። ውጭ ዝናብ ጥሎ አባርቷል፤ የደቻቱ አሸዋ እርጥብ ነው። ሰው በየመንገዱ ይሳሳማል። ምዕራፍ የእናቷን እጅ ይዛ፣ ትንሽ ወደፊት ቀደም ብላ፣ እየመራች ትሄዳለች። ኤልዳና ብዙ ጠየቀቻት፤ ራበሽ ወይ፣ ታች በርዶሽ ነበር ወይ፣ ምን ስትሠሩ ከረማችሁ። ልጅቷ ባጭሩ መለሰች። ሳቢያን መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ቆመችና ቀና ብላ የእናቷን ዓይን አየች፤ አንዱን፣ ቀጥሎም ሌላውን።

«እማ» አለች፤ ያን ቃል ለረጅም ጊዜ አላወጣችውም ነበርና አፏ ላይ ሻክሯል። «መቼ ነው መልሰሽ የምትተኚው?»

«ሚያዝያ ሲያልቅ» አለቻት።

ምዕራፍ ነፃ በሆነው እጇ ጣቶቿን እያጠፈች መቁጠር ጀመረች። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር። የካቲት ላይ ስትደርስ ጣት አለቀባትና ሌላውን እጇን ከእናቷ እጅ አወጣች።